ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ስላሉ ደሴቶች የተሰጠ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ልጆቻችሁ በዚህ ሳምንት የጀመሩት ሥራ ቡቬ፣ ማኳሪ፣ ከርጌለንና ኪንግ ጆርጅ የተባሉትን ደሴቶችና የምርምር ጣቢያዎቻቸውን የሚመለከት ሲሆን ማስረከቢያው ኅዳር 20 ነው። ካርታውን ተማሪው በገዛ እጁ ይሥራው፤ ከኢንተርኔት ታትሞ የተለጠፈ አንቀበልም።

ይህን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የምናየው የመርካቶር ካርታ ወደ ዋልታ በቀረበ መጠን መሬቱን ይለጥጣል። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርቀቱ እጥፍ፣ የቆዳ ስፋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ዋልታው ራሱማ ጭራሽ የለም። ቡቬና ማኳሪ ሁለቱም 54 ዲግሪ ተኩል ደቡብ ግድም ስለሚገኙ፣ በዚያ ካርታ ላይ ልጁ ቀጥታ ወደ ምሥራቅ አስምሮ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይላል። አጭሩ መንገድ ግን በአንታርክቲካ ላይ የሚያቋርጠው፣ 7,700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በኤ4 ወረቀት መሐል ነጥብ ይደረጋል፤ ደቡብ ዋልታ እሱ ነው። በኮምፓስ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ክቦች ይሠራሉ፤ እነሱም 80፣ 70፣ 60 እና 50 ዲግሪ ደቡብ ናቸው። አንድ ሳንቲ ሜትር ከመሐል ወደ ውጭ 555 ኪሎ ሜትር ነው። ዜሮ ኬንትሮስ ወደ ላይ ይሰመርና ምሥራቁ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝ፣ በፕሮትራክተር ይለካል። አብዛኛው ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሰሜን ዋልታ ካርታ በተቃራኒው ስለሚዞር ከዚያ የቀዳ ሁሉን ነገር ገልብጦ ያመጣል። የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ወደ ግራና ወደ ላይ ካልተዘረጋ ሥራው እንደገና ይጀመር።

ሌላው ስሕተት ደቂቃን እንደ አስርዮሽ ማንበብ ነው። የቡቬ ኬክሮስ 54 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ነው፤ 54.26 ሳይሆን 54.43 ማለት ነው። ከ90 ሲቀነስ 35.57 ይሆናል፤ ከመሐል 7.1 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ከርጌለን ከመጨረሻው ክብ በጥቂቱ ቢወጣ ትክክል ነው።

በጽሑፉ ክፍል ጣቢያው ለምን እዚያ ቦታ እንደተሠራ ተማሪው ያስረዳ። ቡቬ ከ90 በመቶ በላይ በበረዶ ግግር የተሸፈነ፣ 49 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የኖርዌይ ደሴት ነው። ፈረንሳዊው መርከበኛ ቡቬ እ.ኤ.አ. በ1739 ሲያገኘው ቦታውን አሳስቶ ስለመዘገበ፣ በኋላ እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ኩክ ፈልጎ አጣው። እ.ኤ.አ. በ1996 የቆመው ጣቢያ በ2007 በሳተላይት ምስል ላይ አልታየም፤ የተተከለው በናዳ በተፈጠረ ልል መሬት ላይ ነበርና።

የአውስትራሊያዋ ማኳሪ ከሁሉም ትምህርት ያላት ትመስለናለች። ሰዎች ያመጧቸው ድመቶች የባሕር ወፎችን ስለፈጁ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ተወገዱ። ያኔ ጥንቸሎቹ በዙ፤ ሣሩን ግጠው ገደሉን አራቆቱት። ደሴቷ ከጥንቸልና ከአይጥ ነጻ መሆኗ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከርጌለን ላይ ፖርት ኦ ፍራንሴ የሚባለው የፈረንሳይ ጣቢያ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለው ሰውም ስንቅም በመርከብ ነው የሚደርሰው።

ኪንግ ጆርጅ ላይ ደግሞ የቺሊ፣ የሩሲያ፣ የቻይና፣ የደቡብ ኮሪያ፣ የፖላንድና የሌሎችም ጣቢያዎች ተጠጋግተው ይገኛሉ። ልጆች «ለሳይንስ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ያ ግማሹ መልስ ነው። ከበረዶ ነጻ የሆነ ዳርቻና የአውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1959ኙ የአንታርክቲካ ስምምነት፣ በኋላ የገባ አገር በውሳኔ ለመሳተፍ ጉልህ ምርምር ማካሄዱን ማሳየት አለበት፤ ለዚህ የሚቀናው ቦታ ይህ ነው።

ኮምፓስና ፕሮትራክተር ለሌለው ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ ያውሳል። ሉሉም ከትምህርት ሰዓት በኋላ እዚያው አለ።

ከሰላምታ ጋር፣
ርእሰ መምህር