«ዶንት ቲንክ፣ ቲቸር!»፦ የእንግሊዝኛ ክበብ ዓመት

ክበባችን በጥቅምት ሲከፈት 43 ተማሪዎች ተመዘገቡ። በሦስተኛው ሳምንት 19 ብቻ ተረፉ። እነሱ ግን እስከ ሰኔ ስለዘለቁ አልተቆጨሁም። የምንገናኘው ሐሙስ ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ሀብታችን አንድ ጥቅል ፍሊፕ ቻርት፣ ሁለት ማርከርና ሽፋኑ የተገነጠለ የቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት ነው። ለርዕሰ መምህሩ ያስገባሁት ዕቅድ «ክርክር፣ ድራማ፣ የድርሰት ውድድር» ይላል። ክርክሩን አንዴ አካሄድን። ድርሰቱ ሳይሆን ቀረ። የድራማውን ጉዳይ ግን ልንገራችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ላይ ያስቀመጠን እሱ ነው።

በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሚኒ ሚዲያው አጭር ድራማ ልናቀርብ ተዘጋጅተናል። ማይኩን ገና ስንነካው መብራት ጠፋ። ተማሪው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ፀሐዩ መክረር ጀምሯል፤ እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከተዋናዮቹ አንዷ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ጠጋ ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

«ዶንት ቲንክ፣ ቲቸር!»

መምህር አይደለሁ፣ አላሳለፍኳትም። «አስተማሪ አያስብ ነው የምትይው?» አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ከፊት የነበረው ሰልፍ ሁሉ ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፋች። መብራቱም አልመጣ፣ ድራማውም በዚያው ቀረ።

ልጅቷ ልትለኝ የፈለገችው «አያስቡ» ነው። አማርኛችን ሃሳብ የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል። ሃሳብ አለኝ ብሎ እጁን የሚያወጣ አለ፤ በሃሳብ የከሳም አለ። «ምነው ልጄ፣ ሃሳብ ያዘሽ?» የምትል እናት የልጇን የፍልስፍና ችሎታ እየጠየቀች አይደለም። እንግሊዝኛው ለሁለተኛው ሌላ ቃል አለው።

ሐሙስ ዕለት ያንኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አብዛኞቹ «ዎሪ» ብለው አነበቡት። ባለቤቶቹ ሲናገሩት ወደ «ወሪ» ይጠጋል አልኳቸው። ከኋላ አንዱ «ወሬ?» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። «እውነቴን ነው ቲቸር፤ ወሪ ሁሉ የሚመጣው ከወሬ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ልጅ በየክበቡ አንድ ቢኖር የማንም ክበብ አይዘጋም።

የዚያን ቀን አንድ ደብተር ገዛን። ስሙን «የወሪ ደብተር» አሉት። ሕጉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ቃሉ ይግባበት፤ ነገሩ እውነት ይሁን። ከመጽሐፍ መቅዳት ክልክል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ19ኙ 14ቱ አንድ ዓይነት ስህተት ሠሩ፦ «አይ አም ወሪ»። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማየት አማርኛችንን መመርመር ነበረብን። እኛ «ጨነቀኝ» እንላለን። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደበረኝ እንደምንለው ሁሉ። አድራጊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከውጭ የሆነ ነገር መጥቶ ይጫነናል። እንግሊዝኛው «ማን ነው የሚጨነቀው?» ብሎ ባለቤቱን ከፊት ያስቀምጠዋል። «አይ ወሪ» ስትል ልማድህን ነው የምትናገረው፤ ጭንቀታም ነህ። «አይ አም ወሪድ» ስትል አሁን፣ ዛሬ፣ አንድ ነገር አስጨንቆሃል። «ወሪይንግ» ሲሆን ደግሞ ነገሩ ራሱ የሚያስጨንቅ ሊሆን ይችላል። አንዱ ልጅ «ማይ ማዘር ኢዝ ወሪይንግ» ብሎ ጻፈ። እናትህ እየተጨነቁ ነው ለማለት ነው ወይስ እናትህ የሚያስጨንቁ ሰው ናቸው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሁለቱም ልክ ነው ቲቸር» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። አንድ ቃል ስንፈታ ሌላው እየተጎተተ ይመጣል። አንዷ «ማይ ፋዘር ኢዝ ነርቨስ» ብላ ጻፈች። «ምን ፈርተው ነው?» ስላት ተቆጣች። «አባቴማ ማንንም አይፈራም!» ለካ ነርቫም ማለቷ ኖሯል፤ ቶሎ የሚቆጣ። እኛ ሰፈር ነርቭ የሚነሳው ለጠብ ነው። እንግሊዝኛው ነርቨስ የሚለው ግን ፈተና በር ላይ ቆሞ እጁን የሚያልበውን ነው። ያ እኛ ዘንድ «ሆዴ ባር ባር አለ» ነው። እነሱ ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮ አለ እንደሚሉ ስነግራቸው ማንም አላመነኝም።

«ኮንሰርንድ» የሚለው አንድ ሙሉ ሐሙስ በላ። በአንድ ወገን «ያሳሰበው» ማለት ነው። በሌላ ወገን ደብዳቤ ላይ የምናውቀው «የሚመለከተው» ነው። «የሚመለከታቸው አካላት ጉዳዩ ያሳስባቸዋል ወይስ አያሳስባቸውም?» የሚል ክርክር ተነሣ። በዕቅዱ ላይ ክርክር አንዴ አካሄድን ያልኩት ይኸው ነው። አሸናፊ አልነበረውም።

«ስትረስ» የሚለውን ግን ማስተማር አያስፈልግም ነበር። ልጆቹ ከእኔ በላይ ይጠቀሙበታል፤ ኔትዎርክ ሲጠፋም «ስትረስ አደረገኝ» ነው። አልወደውም። ሁሉን በአንድ ቃል ሲጠቀልሉት የፈራውም፣ የሰጋውም፣ የደበረውም፣ ሲብሰለሰል ያደረውም አንድ ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ስትረስን ከክበቡ አገድኩ። የደረሰብኝን ተቃውሞ አልዘረዝርም። ግን «ስትረስ» ማለት የቀረበት ልጅ በአማርኛ «ሰጋሁ» ማለት ጀመረ። ስለ ምን ብለው ሲጠይቁት መልስ ነበረው።

የዓመቱን ትልቁን ሳቅ ያመጣው ያ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ወሪ በሚለው ቃል ሥር «ውሻው በጎቹን ወሪ አደረጋቸው» የሚል ምሳሌ አገኙ። ሁለት ልጆች ተማክረው «ውሻው በጎቹን አሳሰባቸው» ብለው ተረጎሙት። የአንዱ አያት በግ አርቢ ናቸው። «ውሻ በግን አያሳስብም ቲቸር፤ ጉሮሮውን ነው የሚይዘው» አለ። ልክ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል ትርጉም ማነቅ ነው። ቆይቶ አውሬ ወይም ውሻ ጉሮሮ ይዞ ሲያንገላታ የሚባል ሆነ። የሰው ሃሳብ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ሕግ አሁንም በእርሻ መሬት ላይ ከብት «ወሪ» ያደረገን ውሻ ባለቤት ጥፋተኛ ያደርጋል። አንግዛይቲ የሚሉት ቃል የላቲን ሥሩም ማነቅ፣ መጭመቅ ነው። ይህን ስናወራ አንዷ ዝም ብላ ቆይታ «እኛስ ጭንቅ ጥብብ አለኝ እንል የለ?» አለች። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አልደመሰስኩትም፤ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህር ደመሰሱት።

ከጥር በኋላ ደብተሩ ተለወጠ። የ12ኛ ክፍሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ወደ ፈተናው ዞሩ። አይፈረድባቸውም። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት የጀመረውም ከዚያው ዙር ነው። ይህን ቁጥር ልጆቹ ከስልክ ቁጥራቸው በላይ ያውቁታል። በዚያ ላይ ቴሌግራም አለ፤ ፈተናው ተሰረቀ፣ ቀኑ ተራዘመ፣ ሪሚዲያል ቀረ። ያ የኋላ ወንበር ልጅ ትንቢቱ ደረሰለት። ወሪ ከወሬ።

ግን ከፈተና ውጭ ያለውም ይጻፍ ነበር። ከሥራ ስለወጣ ወንድም፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ አረብ አገር ሄዳ ሦስት ሳምንት ስላልደወለች እህት። አንድ ሐሙስ አንዱን ገጽ ስገልጥ «አይ ወሪ» የሚል ብቻ አገኘሁ፤ ከላይ እስከ ታች። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት። ልጅቷን ከሴት መምህራን መካከል ልጆች የሚወዷት አንዷ ጋር አገናኘኋት። የተነጋገሩትን አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ክበቡ ተመለሰች። ያን ገጽ ከደብተሩ ቀድጄ ሰጥቻታለሁ።

በመጋቢት አንድ ልጅ ከቤቱ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የኋላ እትም ነው። አማርኛው «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን የማቴዎስ 6 ቃል እንፈልግ አልን። «ወሪ» የሚል የለበትም። «ቴክ ዜርፎር ኖ ቶት ፎር ዘ ሞሮው» ይላል። ቃል በቃል ብትፈቱት ስለዚህ ለነገ ሃሳብ አትያዙ እንደማለት ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞቹም ሃሳብን እንደኛ ለሁለት ነገር ያውሉት ኖሯል። «ወሪ» የሚሉት አዲሶቹ ትርጉሞች ናቸው።

ያቺን የ10ኛ ክፍል ልጅ ፈለግኋት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት።

«ልክ ነበርሽ» አልኳት፤ «አራት መቶ ዓመት ዘገየሽ እንጂ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አሳቁብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሲሳቅባትም በሁሉም ፊት ነበር። እርግጥ ዛሬ ፈተና ላይ እንዲያ ብትጽፍ ነጥብ ይቀነስባታል፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ያልፈታነው አንድ ነገር ቀርቷል። «አይዞህ»ን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሦስት ሐሙስ ፈጀን። «ዶንት ወሪ» ይጎድለዋል። «ቢ ስትሮንግ» ትእዛዝ ይሆናል። አንዷ እንዲሁ «አይዞህ» ብለን እንተወው፣ እነሱ ይማሩት አለች። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

በሰኔ መጨረሻ ከክበባችን ሰባት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሊፈተኑ ሄዱ። ጠዋት በር ላይ አውቶቡሶቹ ቆመዋል። እናቶች ቆሎና ዳቦ ቋጥረው መጥተዋል፤ «አይዞሽ»፣ «አይዞህ»፣ «እመቤቴ ትከተልህ» ይባላል። አንድ አባት ጥግ ላይ ቆመው አባታችን ሆይ ይደግማሉ። «ወደ ፈተና አታግባን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ልጃቸው በመስኮት «አባዬ፣ እሱን ዛሬ ዝለሉት!» አላቸው።

አውቶቡሱ ሲነሣ ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከጎኑ እየሮጠች «ዶንት ቲንክ! ዶንት ቲንክ!» እያለች ትጮህ ነበር። ከውስጥ የወሬው ልጅ አንገቱን አውጥቶ «እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ብቻ ነው የማስበው!» አላት።

ደብተሩ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመዝገበ ቃላቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ግማሹ ባዶ ነው። ማርከሮቹ ደርቀዋል፤ ለመጪው ዓመት ሁለት እንዲገዙልን ጠይቀናል። ምዝገባ በጥቅምት ነው።