አስቸኳይ የማስተካከያ ፋይሎቻችን ከዋናው መጫኛ ለምን እንደሚተልቁ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ የላክንላችሁ ማስተካከያ ከመደበኛው መጫኛ ይልቅ ተለቅ ማለቱን አይታችሁ ምክንያቱን ጠይቃችሁናል። ነገሩ በስህተት የተፈጠረ ሳይሆን እኛው አስበንበት ያደረግነው ነው።

የሒሳብና የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራማችንን መጫኛ የምናዘጋጀው ኢኖ ሴትአፕ በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ፋይሎቹ የሚጨመቁት ኤልዜድኤምኤ2 በሚባለው ስልት ነው። ስልቱ የተደጋገመን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ እንደገና በመጻፍ ፈንታ ቀድሞ የነበረበትን ቦታ ይጠቁማል። ወደ ኋላ የሚፈልግበት ርቀት በሰፋ ቁጥር ፋይሉ ሊያንስ ይችላል፤ ፍለጋው ግን ጊዜና ሜሞሪ ይበላል። በተመሳሳይ ስልት የሚሠራው የኤክስዜድ ፕሮግራም መመሪያ እንደሚያሳየው፣ በ6ኛው የመጭመቂያ ደረጃ (ደረጃው ከፍ ሲል ፍለጋው ይሰፋል) ለመጭመቅ 94 ሜጋባይት ሜሞሪ ሲበቃ በ9ኛው 674 ያስፈልጋል፤ በ9ኛው የተጨመቀውን ለመፍታት ግን 65 ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሸክሙ በአብዛኛው የሚያርፈው በእኛ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኛ አንድ ጊዜ የምንጨምቀውን እናንተ በየቅርንጫፋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በሞባይል ዳታ ከፍላችሁ ስለምታወርዱት፣ መደበኛውን እትም ስናወጣ በከፍተኛው ደረጃ መጭመቃችንን አናቋርጥም።

ደረሰኝ አልታተም ብሎ ሱቃችሁ ደንበኛ ተሰልፎ ሲጠብቅ ግን ሁኔታው ይለያል። ፋይሎቹ በአንድ ላይ ተያይዘው ስለሚጨመቁ አንዲት መስመር ብናርም እንኳ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አንድን ችግር ለመፍታት ደግሞ መጫኛውን ደጋግሞ ማዘጋጀትና መሞከር ግድ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ደረጃውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ፋይሉ ተለቅ የሚለውም ለዚህ ነው። «ሞክራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በከፍተኛው ደረጃ ጨምቃችሁ ለምን አትልኩም?» ለምትሉን፣ የምንልክላችሁ የሞከርነውን ያንኑ ፋይል እንጂ ሌላ እንዳይሆን ስለምንጠነቀቅ ነው።

የሥልጠና ቪዲዮዎቹ ቀድሞውኑ የተጨመቁ በመሆናቸው የትኛውም ደረጃ እምብዛም አይቀንሳቸውም፤ ስለሆነም ከመጫኛው አውጥተን ለብቻቸው አስቀምጠናቸዋል።

ከእያንዳንዱ አስቸኳይ ማስተካከያ ጋር በምንልከው መልእክት የፋይሉን መጠንና የታረመውን ችግር እንገልጻለን። ችግሩ የማይመለከታችሁ ከሆነ ቀጣዩን መደበኛ እትም መጠበቅ ትችላላችሁ። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነም አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ብትወስዱት ያለ ችግር ይሠራል።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል