ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልኝ የታብሌት ብዕር እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ለሽያጭና ጥገና ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ከእናንተ የገዛሁት፣ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የሚሠራው የሥዕል ታብሌት ብዕሩ ጉድለት አለበት፤ ሊቀየርልኝም ቃል ተገብቶልኝ ነበር። የግዢው ዝርዝር እናንተ ጋ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ስለ ማክሰኞው ነው።

«ማክሰኞ ከሰዓት ብቅ በይ፣ አዲሱን ብዕር ትወስጃለሽ» ያለኝ የራሳችሁ ቴክኒሺያን ነው። ሥራዬን ትቼ ከጀሞ መገናኛ ድረስ ታክሲ ተጋፍቼ መጣሁ። ባንኮኒው ጋ የነበረው ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የምን ብዕር?» አለኝ። የተሰጠኝን ወረቀት አሳየሁት። «እሱ ዛሬ የለም፣ ሌላ ቀን ሞክሪ» አለ። ታብሌቱን ከፍቼ ችግሩን ላሳየው ስል ደግሞ «እህቴ፣ ሥዕል እኮ በጣትም ይሳላል» ብሎ ከጓደኛው ጋር ሳቀ።

ይሄ ታብሌት ጣት አይቀበልም። የሚቀበለው ብዕሩን ብቻ ነው። የሚሸጠው ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

እስቲ አሁንም በጽሑፍ ላስረዳ። የምሥለው የሰሜን ተራሮችን ነው። ፊት ለፊት ያለው ጅብራ የሚባለው ተክል ጠቆር ብሎ ይወጣል። ከኋላው ያለው ገደል ሳሳ ይላል። የመጨረሻው ሸንተረር ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አይቀረውም። ይሄ ሁሉ የሚመጣው እጅን በማቅለል ነው። ካርቶኑ ላይ 8,192 የግፊት ደረጃ ተብሎ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። የእኔ ብዕር ግን ብጫነውም ባቀለውም እኩል ወፍራም መስመር ያሰምራል። ሸንተረሩን ለብቻው ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚደረብ የተለየ ገጽ) ላይ አድርጌ ቀለሙን ባሳሳው፣ ጠርዙ በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት ደርቆ ቀረ።

«ድራይቨሩን እንደገና ጫኚ» አላችሁ፤ ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባውን ይህን ፕሮግራም ጫንኩ። «ኮምፒውተርሽ ነው» አላችሁ፣ በሌላ ሞከርኩ። እናንተው ሱቅ ውስጥ ባለው ብዕር ሲሞከር ታብሌቱ ያለ ምንም ችግር ሠራ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ካነሳሁት አይቀር፣ የብዕሩ መለዋወጫ ጫፎችም ካርቶኑ ውስጥ አልነበሩም። «በኋላ እንሰጥሻለን» ተብዬ እስካሁን የሉም። የስክሪን መከላከያውንም ሥሩ ፀጉር አስገብታችሁ ነው የለጠፋችሁት፣ ያውም አስከፍላችሁ። «መልሼ እደውላለሁ» የሚለኝ ሰውም አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ብዕር ብቻ ነበር። አሁን ግን ብዕሩ ከነጫፎቹ እንዲሰጠኝ፣ መከላከያው በነፃ እንዲቀየር፣ የሳቀብኝም ሠራተኛ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። እስከ ዓርብ ካልሆነ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስልኝ። ጉድለቱን ያመለከትኩት አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች በሚሰጠው የ15 ቀን ጊዜ ውስጥ ነው። ደረሰኙም የእናንተው መቀበያ ወረቀትም እጄ ላይ አሉ። ሁለቱንም ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

ሥዕሉን ያዘዘኝ ሰው እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ለቀጠሮ አልመላለስም። ብዕሩን በሞተር ላኩልኝ፤ የማድረሻውንም ሂሳብ እናንተ ትችሉታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር