ልጆቻችሁን ስኪ ራሳችሁ አታስተምሩ፣ ለኢንስትራክተር ስጧቸው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ዴንቨር አካባቢ በስልካችን የምናነብ ብዙ ነን፣ ስፖርት ሲባል ግን ሁሌ ሩጫና ኳስ ስለሆነ ዛሬ እኔ ስለ ስኪ፣ በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት ስፖርት፣ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ፣ እባካችሁ "ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው" ብላችሁ ወደ ጎን እንዳታደርጉት። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደሞ ቫንኮቨር ዊንተር ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። የሱ ሜዳ ሜዳውን የሚኬድበት ዓይነት ነው፣ እኔ የማወራው ከተራራ ስለሚወረድበት ነው፣ ቢሆንም ማስረጃ ይሆነኛል።

ጉዳዬ ግን ኦሎምፒክ አይደለም። ኦሮራና ዴንቨር ያለን ወላጆች ልጆቻችን የክፍል ጓደኞቻቸው ስኪ ሄደው ሲመጡ እያዩ "እኛስ መቼ ነው?" ይሉናል፣ እኛም ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪና ሙሉ ሰው ጭነን አይ ሰባ (I-70) የሚባለው ወደ ተራራው የሚወስድ አውራ ጎዳና ላይ እንወጣለን፣ እዛ ከደረስን በኋላ ግን ብዙዎቻችን ስኪ ተከራይተን ልጁን ይዘን ቀጥታ ወደ በረዶው ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ልጁን ራሳችሁ አታስተምሩት። ስኪ ብትችሉም ባትችሉም አታስተምሩት።

ባለፈው ዊንተር ከጀማሪዎቹ ቦታ አጠገብ ቆሜ አንድ የኛው ሰው አየሁ። ጂንስ ሱሪና የሩጫ ጫማ አድርጎ የአራት አምስት ዓመት ልጁን በጃኬቱ ኮፍያ አንጠልጥሎ ቁልቁል አብሮት ይሮጣል፣ "አይዞህ! አትፍራ! ጎበዝ! ቀጥ በል!" ይለዋል፣ ልጁ ደሞ ቀጥ ልበል ቢልስ እንዴት ብሎ፣ ኮፍያው ወደ ኋላ እየሳበው ነው፣ ሁለቱ ስኪዎች ወደፊት ይሄዳሉ ቂጡ ኋላ ይቀራል፣ ትንሽ እንደሄዱ አባትየውን አዳለጠውና ሁለቱም ተያይዘው ተንከባለሉ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ እንደውም ሊስቅ ነበር፣ አባቱ ደንግጦ ሲጮህ ነው ማልቀስ የጀመረው። ከዛ በኋላ ስኪውን አላደርግም ብሎ በረዶው ላይ ዘፍ አለ፣ የቲኬቱም የኪራዩም ብር ያን ቀን በዛው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኪ ላይ ሰውነት ትንሽ ወደፊት ማዘንበል አለበት፣ የእግሩ አገዳ የቡቱን፣ የስኪ ጫማውን ማለቴ ነው፣ የፊት ምላስ መንካት አለበት፣ ያኔ ነው ስኪው የሚታዘዘው። ትንሽ ልጅ ግን ሲፈራ ወደ ኋላ ነው የሚለው፣ እኛ ደሞ ከኋላ ስንይዘው፣ ወይ በእግራችን መሀል አድርገን በብብቱ ስንደግፈው፣ በገዛ እግሩ መቆሙን ትቶ እኛ ላይ ይተኛል። ያ ከኋላ የሚታሰረው ገመድም ያው ነው፣ አንዳንድ ወላጅ ገዝቶት ይመጣል፣ ልጁ ገመድ እንደያዙት ጥጃ ወደ ኋላ እየተጎተተ ይወርድና ማታ ላይ "ቻለ" ይባላል፣ ገመዱ ሲፈታ ግን መቆም የሚባለውን ነገር ጭራሽ አያውቀውም።

ኢንስትራክተሮቹ ምን እንደሚያደርጉ ቆማችሁ እዩ። መጀመሪያ ያለ ስኪ በቡት ብቻ በረዶው ላይ ያራምዷቸዋል፣ ቀጥሎ አንድ እግር ላይ ብቻ ስኪ ያደርጉላቸውና ሜዳው ላይ በሌላኛው እግር እየገፉ ይንሸራተታሉ፣ ከዛ እግር ይቀይራሉ፣ ከዛ ሁለቱንም። በእጅ የሚያዘውን ዱላ አይሰጧቸውም፣ ዱላ ለትንሽ ልጅ ወንድሙን መውጊያ ነው። ቀጥሎ "ፒዛ" አለ፣ የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ኋላውን መክፈት ማለት ነው፣ ፍሬኑ እሱ ነው፣ ጉልበት ላልጠነከረለት ደሞ ጫፎቹ እንዳይራራቁ በትንሽ ጎማ ያያይዙለታል። ቦታው ተዳፋት ለመባል ራሱ የማይበቃ ነው፣ ሲጨርሱ ማጂክ ካርፔት የሚሉት የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ቆመው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይወርዳሉ፣ እንደገና። መቆም ያልቻለ ልጅ ሰው ተቀምጦበት ወደ ተራራው በሚወጣው ወንበር ሊፍት ላይ አይወጣም፣ አለቀ። እኛ ግን "እዚህማ ሜዳ ነው፣ ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ብር የከፈልነው" ብለን ከፍ ወዳለው እንወስዳቸዋለን።

ሌላው ደሞ ልጅ የሚያለቅሰው እናቱን ሲያይ ነው፣ ይሄን የማታውቅ እናት የለችም። አስተማሪው ጋ ወድቆ የሚነሳ ልጅ እኔን ካየ እጄን እግሬን ይላል። ስለዚ አስረክቡና ዞር በሉ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋችሁ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ "ማሚ እዚህ ነኝ" አትበሉ። ብዙዎቹ የስኪ ትምህርት ቤቶች ከሦስት ዓመት ጀምረው ይቀበላሉ፣ ሦስት ዓመቱ ላይ ግን እንደልጁ ነው፣ ሽንት ቤት ልሂድ ማለት የማይችል ከሆነ ዓመት ብትጠብቁ ምንም አይቀርባችሁም።

"እሺ እኛ ታዲያ ምን እንሥራ?" ካላችሁ፣ የናንተ ሥራ ከቁርጭምጭሚት በታችና ከአንገት በላይ ነው። አንዲት ልጅ ካፍቴሪያ ውስጥ እግሬን እግሬን እያለች ስታለቅስ ቡቷን ሲያወልቁላት ሦስት ካልሲ ነው የወጣው፣ ሁለቱ የጥጥ፣ አንዱ የአያቷ የሚመስል ወፍራም፣ ጣቶቿ እርጥብና በረዶ ሆነዋል። ካልሲ አንድ ብቻ ነው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሱፍ ወይ የስኪ ካልሲ፣ ጥጥ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል፣ ሲደራረብ ደሞ ደሙን ያፍነዋል። ሱሪውም ቡት ውስጥ አይገባም፣ ከካልሲው በቀር ምንም አይገባም። ደሞ የኛ አመል አለ፣ ጫማ ስንገዛ "ያድግበታል" ብለን አንድ ቁጥር ከፍ እናደርጋለን፣ እሱን ለትምህርት ቤት ጫማ አድርጉት፣ የስኪ ቡት ከሰፋ ልጁ እግሩን ሲያዞር ቡቱ ብቻ ነው የሚዞረው። ኪራይ ቤቱ ውስጥ ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ ዕድሜውን ሲጠይቋችሁም ትክክለኛውን ተናገሩ፣ "ከብዷል፣ አድጓል" እያላችሁ አትጨምሩበት፣ ልጁ ሲወድቅ ስኪው ከእግሩ ተፈናጥሮ እንዲወጣ ማያያዣውን የሚያስተካክሉት በዛ ቁጥር ነው፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሳይፈታ ጉልበት ያጣምማል። የስኪው ቁመት ለጀማሪ ከደረት እስከ አገጭ ቢሆን ይበቃል።

ከአንገት በላይ ደሞ ሄልሜት ነው፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች ማታውኑ ሹሩባውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወደ ታች ሥሩት፣ ጠዋት ፓርኪንግ ላይ አናቷ ላይ የታሰረ ጸጉር ይዛችሁ ሄልሜቱ አልገባ ሲል ነው ቀኑ የሚበላሸው። ረጅም ሻርፕ አታድርጉላቸው፣ ሊፍት ላይ ይያዛል፣ አንገት ላይ የሚጠለቀው ክብ ነገር ይሻላል። ፀሐዩን ደሞ አትናቁት። "እኛ ጥቁር ነን ምን ያደርገናል" የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ የጣለ በረዶ ደሞ እስከ 80 በመቶውን መልሶ ከታች ወደ ፊታችሁ ይልከዋል፣ ዓይንን ያቃጥላል፣ ስለዚ ጎግልና ሰንስክሪን፣ አገጭ ስርም ጭምር። ከፍታውም ቢሆን "የደጋ ሰዎች ነን" አይባልም፣ እናንተ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ አድጋችሁ ይሆናል፣ ልጃችሁ ያደገው ኦሮራ 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ ሎቭላንድ የሚባለው የስኪ ቦታ ደሞ የሚጀምረው 3,200 ሜትር አልፎ ነው። ራሴን አመመኝ ካለ ሰበብ ነው አትበሉ፣ ውሃ ስጡት፣ አስቀምጡት፣ ካልተወው ይዛችሁት ውረዱ።

ብሩ ያሳስባል፣ አውቃለሁ። በትልልቆቹ ሪዞርቶች የልጅ የሙሉ ቀን ትምህርት በቀላሉ ከ200 ዶላር ያልፋል፣ ለሦስት ልጅ ሲሆን የቤት ኪራይ ነው የሚሆነው፣ ልጁን ራሳችን እናስተምረው የምንለውም ለዚህ ነው፣ ስንፍና ወይ ጉራ ስለሆነ አይደለም። ግን ትልቁ ሪዞርት የግድ አይደለም። ለጀማሪ ልጅ ትልቅ ተራራ ምን ይሠራለታል፣ የሚውለው ያቺው ምንጣፍ ላይ አይደል እንዴ። ሎቭላንድ አይ ሰባ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ስለሆነ መንገዱም ያጥራል፣ ለጀማሪዎች ለብቻው የተለየ ቦታ አለው። ኤልዶራ የሚባለው ሌላው የስኪ ቦታ ከቦልደር ከተማ በላይ ነው፣ አይ ሰባን ጭራሽ አትነኩትም፣ የከተማው አውቶቡስ ሳይቀር ይወስዳል። መንዳት ለሚፈራ ደሞ በዊንተር ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ዊንተር ፓርክ ሪዞርቱ በር ላይ የሚያወርድ ባቡር አለ፣ ልጆቹ ስኪውን ቢጠሉት እንኳን ባቡሩን ይወዱታል። ኮሎራዶ ለሚኖሩ የኤለመንተሪ ተማሪዎች በነፃ ወይ በጣም በርካሽ የሚሰጡ የስኪ መግቢያ ፓሶችም አሉ፣ ምዝገባቸው ግን በረዶ ሳይጥል በፊት መኸር ላይ ስለሚሆን የኛ ሰው ሲሰማ አልፎታል፣ የቤተክርስቲያንና የኮሚኒቲ ማስታወቂያ የምታዘጋጁ ሰዎች መስከረም ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩልን ምን አለ።

ጊዜውን በተመለከተ የፈረንጆቹን የገና ሳምንት ተዉት። ያኔ ሰው ብዙ ነው፣ ብርዱ ይከፋል፣ ቀኑም አጭር ነው። መጋቢት ላይ በረዶው ደህና ነው ፀሐዩም ሞቅ ይላል፣ ልጅ እጁ ሳይደነዝዝ ይውላል። ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፣ ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሆት ቸኮሌታቸውን ይጠጡ፣ እናንተ ደሞ ሽሮና እንጀራችሁን በላንች ቦክስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዛ ላይ ጾም የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ፍሬንች ፍራይስ በሃያ ዶላር ትበላላችሁ። ጎማችሁንም እዩት፣ በስኖው ጊዜ አይ ሰባ ላይ የጎማ ሕግ አለ፣ ባለቀ ጎማ ከተያዛችሁ ትቀጣላችሁ።

ሌላ ደሞ ልጁ እየተማረ እናንተ ካፍቴሪያ ቁጭ አትበሉ፣ በዛው ሰዓት ለአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል አለ፣ ከቻላችሁ ከእናትና ከአባት አንዳችሁ ግቡ። ልጁ ትንሽ ሲችል ሊፍት ላይ አብሮት የሚቀመጥ፣ የወንበሩን መከላከያ ብረት የሚያወርድለት ሰው ያስፈልገዋል፣ ሲወርድ ደሞ ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ እንዳለው፣ ከኋላ የሚመጣው እንደሚጠነቀቅ የሚነግረው ሰው። አባቱ ሲወድቅ ማየቱም ለልጁ ደስታ ነው፣ የኔ ልጆች የአባታቸውን አወዳደቅ ለአያታቸው በስልክ ሲያወሩ ነው የከረሙት፣ እሳቸው ደሞ "ምን አድርጎ ነው እዛ የሚወጣው" ብለው ተቆጡ።

ከሁሉ በላይ የማቆሚያውን ሰዓት እወቁ። ቲኬቱ እስከ አራት ሰዓት ይላል ብላችሁ ልጁን እስከዛ አታቆዩት፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጉልበት ከምሳ በኋላ ያልቃል፣ ደክሞት ሲወድቅ ነው የሚጎዳው፣ "አንዴ ብቻ ልውረድ" እያለ እየለመናችሁ ብትወስዱት በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ ይቀሰቅሳችኋል።

ዕቃ ደሞ አትግዙ፣ ልጅ በየዓመቱ እግሩ ያድጋል፣ ዴንቨር ውስጥ ለሙሉ ሲዝን የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ ያለዛም ከኛው ሰው ተቀባበሉ፣ ጋራዥ ውስጥ የጠበበ ቡትና ሱሪ የሌለው ቤት የለም። ጃኬት፣ ጓንት፣ ጎግል ማንም የለበሰውን ተቀበሉ፣ ሄልሜት ግን ከዚህ በፊት ወድቆበት እንደሆነ ካላወቃችሁ አሮጌ አትውሰዱ፣ እሱን ብቻ አዲስ ግዙ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ