ከግድቡ በፊት ተራራው ይታይልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የተወለድኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ወደ ጀማ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ዳር ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በትውልድ ቀበሌዬ የመስኖ ግድብ ሊሠራ ነው መባሉ ነው። ቀያሾች መጥተው ድንጋዩን ቀይ ቀለም ቀብተው ሄደዋል። ሰው ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። በልግ ሲቀር ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ነሐሴ ላይ ሰው የሚወስደው ወንዝ መጋቢት ላይ ቀጥኖ፣ ሴቶች አሸዋ ጭረው በጣሳ ይቀዱታል። ውሃ የሚያቁርልን ነገር ያስፈልገናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ አፈሩ ነው።

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከሰዓት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ጋብ ሲል ወንዙ ዳር ወርጄ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቀዳሁ። መልኩ ሻይ በወተት ይመስላል። መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ከላይ ያለው ውሃ ጠርቷል። ከታች አንድ ጣት የሚሆን ጭቃ ተኝቷል። ትንሽ አውጥቼ በጣቴ አሸሁት። ልስልስ ያለ፣ ጥቁር ቡናማ አፈር ነው። ድንጋይ የለበትም፣ አሸዋ የለበትም። ገበሬ የሚመኘው አፈር ነው። እናቴ አይታ «ይሄማ የላይ ሰፈር ማሳ ነው» አለች።

ግድብም የሚሆነው እንደዚያው ሃይላንድ ነው። ወንዝ እየሮጠ ሳለ አፈሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ሲቆም ይጥለዋል። የቆመው ውሃ በየክረምቱ ከታች እየተሞላ ይመጣል። ለዚህ ቆቃን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀ ግድብ ነው። አዋሽ ከደጋው እያግበሰበሰ ያመጣው ደለል ውሃ የሚይዝበትን ቦታ እየበላው ኖሯል። ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ ደግሞ ለእንቦጭ ምግብ ሆነለት።

ቆቃ ሩቅ ነው ለሚለኝ ሰው የጎረቤታችንን ቀበሌ ላሳየው እችላለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንዲት አነስተኛ ግድብ ተሠርታ ነበር። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ እኛም ድንጋይ አቀብለናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሽንኩርት ተመረተባት። ከግድቧ በላይ ያለው ተዳፋት ግን እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ይታረስ ነበር። እርከኑ በኋላ ይሠራል ተባለ። በኋላ የሚባለው ቀን ሳይመጣ ቀረ። አሁን ብትሄዱ ከግድቡ ግንብ ጀርባ ለጥ ያለ ሜዳ ነው የምታገኙት። ሳር በቅሎበት ከብት ይግጥበታል። እረኞቹ ከሥሩ ውሃ ተኝቶ እንደነበር አያውቁም።

ያሠራውን መሥሪያ ቤት ልወቅስ አይደለም ያነሳሁት። ያው ስህተት እንዳይደገም ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነበር። ግንቡ ቀድሞ ተራራው ተረሳ። አሁን ተራራው ይቅደም። ግንቡ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለት ክረምት ለላይኛው ተፋሰስ ይሰጥ። ማሳው እርከን ይሠራለት፤ እርከኑ ላይ ደሾ ሳር ይተከል። ቦረቦሩ በክትር ይዘጋ። ገደላማው መሬት ከከብትና ከማረሻ ይጠበቅ። ይህን ገበሬው ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በዘመቻ ይሠራዋል። የቸገረው፣ የተካበው እርከን ዓመት ሳይሞላው በልቅ ግጦሽ መፍረሱ ነው። ሳሩን አጭዶ ለሚመግብ ሰው እገዛ ይደረግለት። የፕሮጀክቱ በጀት ለሲሚንቶና ለብረት ብቻ ተመድቦ፣ ለተራራው የጉልበት መዋጮ ብቻ መተው የለበትም።

መሬት ከልክሎ ማቆየት ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳን እዩት። አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ሳሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ በደንብ ሲደርስ ሁሉም በተራው ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ አደረጃጀት መልሶ አቆመው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፣ ምንጮቹም ይፈልቃሉ። ለግድባችን ተፋሰስ እንዲህ ያለ፣ የቀበሌው ሰው በራሱ አንደበት የተስማማበት ደንብ ቢወጣ ከዘበኛ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ወንዝ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል። ከእኛ ማሳ የታጠበ አፈር መጨረሻው ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ነው። እዚህ የምንሠራው እርከን እዚያም ይቆጠራል።

ስለ ተነሺዎቹም ከዚሁ ጋር አያይዤ ልናገር። ውሃው የሚተኛው ለም በሆነው ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ያሉት አባወራዎች የሚገባቸውን ምትክና ካሳ በጊዜው ካላገኙ የት ይሄዳሉ? ወደ ላይ ይወጣሉ። ገደሉን ያርሳሉ። ያ አፈር ተመልሶ ግድቡ ውስጥ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ ይገባቸዋል ይላል። አከፋፈሉ ሲዘገይ የሚጎዳው ተነሺው ብቻ ሳይሆን ግድቡም ጭምር ነው።

ከግድቡ በታች ያለውንም ማየት ያስፈልጋል። አጎቴ የውሃ አባት ናቸው። ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ጠልፎ በተራ የሚያጠጣ ባህላዊ መስኖ ያስተዳድራሉ። ስለ ግድቡ ስነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «በሚያዝያ ስንት ውሃ ይለቁልናል?» መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን የኢንጂነር ጥያቄ ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ እንዳይደርቅ የሚለቀቀው መጠን ከወዲሁ ተለክቶ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ሲለቀቅም በሰዓት ይሁን፤ ድንገት የሚለቀቅ ውሃ ወንዝ ውስጥ ያለ ሕፃንና ከብት ይወስዳል። ደለሉን በጎርፍ ወቅት የሚያስወጣ የታች በርም ከዲዛይኑ አይቅር። ግንቡ ካለቀ በኋላ ልጨምረው ቢሉ ከባድ ነው።

ወንዙ ዳር ሌላም ባለቤት አለ። በጀማ ሸለቆና በአባይ ገባሮች አካባቢ ብቻ የሚገኝ ቆቅ አለ፤ የወፍ አጥኚዎች ሃርዉድ ፍራንኮሊን ይሉታል። የሚያድረው በወንዝ ዳር ፊላና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ፊላው ሁሉ ከተጠለቀለቀ ወይም ከደረቀ የሚሸሽበት የለውም። የተወሰነ የወንዝ ዳርቻ ሳይነካ ቢተውለት ለእኛ ትንሽ ነገር ነው። ውሃ ከመሞላቱ በፊት ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ተነስቶ ለነዋሪው ይሰጥ። ውሃ ውስጥ የበሰበሰ ዕፅዋት ውሃውን ያሸተዋል፣ ዓሣውን አየር ያሳጣዋል፣ ሚቴን የተባለውን ከባቢ አየር የሚያሞቅ ጋዝም ያወጣል።

ስለ ወባ በጥብቅ ነው የምናገረው። ትግራይ ውስጥ በትናንሽ ግድቦች አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ከግድቡ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የታየው ወባ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት በ7 እጥፍ ይበልጥ ነበር። የእኛም ቀበሌ ቆላው ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ የተነሺዎች መንደር ከውሃው ይራቅ። ከግድቡ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ኩሬ እንዳይሠራ በቦይ ይወሰድ። አጎበርና የጤና ባለሙያ ውሃው ከመሞላቱ በፊት ይድረስ። ቦዩ ካልተጠረገ ቀንድ አውጣ ይራባበታል፣ ቢልሃርዝያ ይከተላል። ቀንድ አውጣውን እንዶድ እንደሚገድለው እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት የእኛው ሰው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ዓሣ እንዳይጎዳ በባለሙያ ቢታይ፣ እንዶዱ በየአጥራችን አለ።

ሕጉ ከጎናችን ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥናት እንዲደረግና ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። ጥናቱ ከተደረገ እስካሁን በእጃችን አልደረሰም። በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥልን። ማንበብ ለማይችሉት በሰንበቴና በእድር ቀን ይነበብላቸው። እነ አጎቴ የሚሉት አላቸው።

ጋዜጣችሁ ዘጋቢ ቢልክ ቀለብና ማደሪያ በእኔ ነው። ጥር ላይ ቢመጣ መንገዱም ደርቆ ይቆየዋል። በጠዋት የተቀባውን ድንጋይ አሳየዋለሁ፣ ከሰዓት ከብት የሚግጥበትን ግድብ። ሃይላንዱንም እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን