ሳይደርሰኝ የቆረጥኩት ደረሰኝ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የቧንቧና የሳኒተሪ ዕቃ እሸጣለሁ። ሱቄ ትንሽ ናት፤ ወረቀቷ ግን የትልቅ ሱቅ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። «ደረሰኝ» ስለምትባለዋ።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ጠየቀኝ። እንደ ወጉ ከሦስት ሱቅ ሰበሰቡና የእኔ ዋጋ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፒቪሲ ቱቦ፣ ጌት ቫልቭ፣ ሁለት የእጅ መታጠቢያ። 56,000 ብር፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 64,400። በኪራይ አይሱዙ ጭኜ ወሰድኩላቸው። ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ ተረከበ፣ ዕቃው ለመግባቱ ሞዴል 19 የሚባለው ወረቀት ተቆረጠ። የግዢ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ደረሰኝ ቆርጠው ያምጡ፣ ቼኩ ነገ ይወጣል» አለኝ። እኔም ሰው አምናለሁ፤ ቆረጥኩ። ከማሽኑ «ካሽ» የሚል ወረቀት ወጣ። ከአታችመንቱ፣ የዕቃው ዝርዝር ከሚጻፍበት ወረቀት ጋር በስቴፕለር አያይዤ፣ ፈርሜ፣ ማኅተሜን መትቼ ሰጠሁት።

ነገ የተባለው ሳምንት ሆነ። ሳምንቱም ወር። በመሃል ቫት ማሳወቂያው ደረሰና 8,400 ብሯን ከሌላው ሽያጬ ጋር ደምሬ አሳወቅኩ። ያልያዝኩት ገንዘብ ቫት መሆኑ ነው!

ሁለት ወር አልፎ ስሄድ ያ የግዢ ሠራተኛ ተዛውሯል። ፋይናንስ ያለችው ልጅ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በካሽ ተከፍሏል ይላል» አለችኝ።

ፊርማው የእኔ ነው። ማኅተሙም የእኔ። ምን ልበላት? ልጅቷ የተጻፈውን ነው ያነበበችው።

ያዳነኝ ሌላ ወረቀት ነው፤ ወይም የወረቀት አለመኖር ልበለው። ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ ከወጣ የክፍያ ማዘዣ ቫውቸር አለ። የቼኩ ቁጥር ይሰፍርበታል፣ ተቀባዩም ይፈርምበታል። «እስቲ የእኔን ፊርማ አሳዪኝ» አልኳት። ሦስት ቀን ተፈለገ፤ የለም። ቼኩ በሦስተኛው ወር ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳስበው ይገርመኛል። ደረሰኝ ማለት እኮ በቀጥታው «እጄ ገባ» ማለት ነው። እኛ ግን ሻጭ «ይህን ያህል አለብህ» ብሎ የሚጽፈውንም ደረሰኝ እንላለን። ገንዘብ የተቀበለ ሰው የሚሰጠውንም ደረሰኝ እንላለን። ያ ሞዴል 19 ራሱ ሙሉ ስሙ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው፤ ግን የሚያረጋግጠው ዕቃው መግባቱን ነው እንጂ ለዕቃው መከፈሉን አይደለም። ፕሮፎርማው ደግሞ ዋጋ ከመንገር አያልፍም። ማንም በእሱ ባለዕዳ አይሆንም፣ ቫትም በእሱ አይከፈልም።

እኔ መቁረጥ የነበረብኝ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ነበር። ሰዉ ክሬዲት ኢንቮይስ የሚለው። ቫቱ ያኔም አይቀርልኝም ነበር፤ ሽያጩ ተካሂዷላ። ግን ወረቀቱ «ዕዳ አለ» ብሎ ይመሰክርልኝ ነበር። ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ይቆረጥና ዕዳው ይዘጋል። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ቀን። ይቺን ሁለተኛ ወረቀት ለመቆጠብ ስንል ነው ነጋዴዎች የምንበላው።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ስልካቸውን ፊቴ ላይ ይደቅኑና «ገብቷል ጋሼ» ይላሉ። የእኔ ስልክ ዝም ብሏል። መልእክቱ እኔ ጋ ሳይመጣ ዕቃ አላስወጣም፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው። ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ የማሽኑን ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። በእኛ አገር ሙቀት ጽሑፉ ይደበዝዝና ባዶ ወረቀት ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

የፋይናንስና የግዢ ሠራተኞችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ደረሰኝ አምጣ» ስትሉን የቱን እንደሆነ ንገሩን። ገንዘቡ ገና ከሆነ የዱቤውን ጠይቁን። እናንተም በንግድ ገጻችሁ ስትጽፉ ኢንቮይሱንና የገንዘብ መቀበያውን ባትደባልቁብን ደስ ይለኛል።

የእኔ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ቼኩ ሲወጣ ከ56,000ው ላይ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከፋዩ ቀድሞ ለግብር የሚይዘውን፣ ቆርጠው አስቀርተዋል። መቁረጣቸው ሕግ ነው። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ግን አልሰጡኝም። እሱን ካልያዝኩ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሬ ላይ አይታሰብልኝም። «ፓዱ አልቋል» ተብያለሁ። ሰኞ ጠዋት እንደገና እሄዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቧንቧ ዕቃ ነጋዴው፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ