ፍሳሽ ለማጣራት የምናባክነው መብራት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ከቤት ፍሳሽ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ ለመብራት እጦታችን መፍትሔ ሆኖ መቅረቡ ዋናውን ጥቅሙን የሸፈነው ስለመሰለኝ ይህን ልጽፍ ተነሣሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሳይንስ ምሁር ማይክል ፖተር እ.ኤ.አ. በ1911 ባክቴሪያና እርሾ ምግባቸውን ሲያብላሉ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ጂኦባክተርን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ፍሳሹን ሲመገቡ የሚለቁትን ኤሌክትሮን (የኤሌክትሪክ ቅንጣት) አኖድ ለተባለው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አካል፣ ያስረክባሉ፤ ኤሌክትሮኑም በሽቦ አልፎ ካቶድ በተባለው ሁለተኛው ኤሌክትሮድ ዘንድ ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በቤት ፍሳሽ ሞክረው በአንድ ካሬ ሜትር ኤሌክትሮድ ያገኙት ቢበዛ 26 ሚሊዋት ነበር። በዚህ ስሌት አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል 190 ካሬ ሜትር ገደማ ኤሌክትሮድ ትፈልጋለች፤ ይህም ከአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ወለል እጅግ ይሰፋል። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ቢሻሻልም ሰፈር የሚያበራ አልሆነም። በኡጋንዳ ኪሶሮ፣ በሰሰሜ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ዘዴ በሽንት የበራው የመጸዳጃ ቤቱ መብራት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ግን በቂ ነበር።

እኔን የበለጠ የሳበኝ በዚያው የ2004ቱ ሙከራ የፍሳሹ ኦርጋኒክ ብክለት እስከ 80 በመቶ መቀነሱ ነው። በተለመደው የማጣሪያ ዘዴ ለባክቴሪያዎቹ ቀን ከሌት አየር ይነፋላቸዋል፤ ጣቢያው ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስደው ይኸው ነው። አየር ነፊውን ሞተር የሚያስቀር፣ የዝቃጩንም መጠን የሚቀንስ ዘዴ አንዲት አምፖል ባያበራ እንኳ ወጪ ያድናል። እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ መብራት በጠፋ ቁጥር የፍሳሽ ማጣሪያችን አየር ነፊ ሞተር ይቆማል፣ ወዲያው ጠረኑ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ያልተጣራው ውኃም መንገዱ ወደ ወንዝ ነው።

የኤሌክትሮዱ ዋጋ ውድ መሆኑንና ከቤተ ሙከራ ወደ ትልቅ ገንዳ ሲሸጋገር ምርቱ መውረዱን አልዘነጋሁም። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ተመራማሪዎቻችንን ሲያነጋግር፣ ስንት ዋት ይመነጫል ከማለት ይልቅ አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይቀንስልናል፣ ስንት ብርስ ያስወጣል ብሎ ቢጠይቅልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ